አሶሳና አካባቢዋ፦ መልክዓ ምድራቸው፣ ታሪካቸውና የእስልምና አመጣጥ



የመስጊዳችን ኮሚቴ ይህን የመታሰቢያ መጽሔት ሲያዘጋጅ ስለ አሶሳ ከተማና ስለ አካባቢዋ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ መጀመሪያ ላይ አመንትቼ ነበር። ያመነታሁት የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ አይደለም። የሚጻፈው ነገር ከሁሉም አፍ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለማይወጣ ነው። አንዱ ወገን «ይህች አገር የእኛ ናት፤ እናንተ ትናንት መጣችሁ» ሲል ይሰማል። ሌላው ደግሞ «እኛ ሳንመጣ እዚህ ከቀርከሃ በቀር ምን ነበር?» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ጁሙዓ ቀን በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚሰግዱ ናቸው። ሁለቱም አባባሎች ደግሞ ከታሪኩ ጋር አይስማሙም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ በሚለው ክርክር ላይ ለመፍረድ አልሞክርም። ምድሪቱ እንዴት እንደ ተሰፈረች፣ ዲናችንም በየት በኩል እንደ ደረሰልን፣ የተጻፈው ታሪክና የአባቶች አንደበት በሚስማሙበት መጠን ለማስረዳት እጥራለሁ። በመካከሉ ደስ የማይል ነገርም ይገኛል። እሱንም አልዘለልኩትም።

አስቀድመን መልክዓ ምድሩን እንመልከት። አሶሳ ከአዲስ አበባ በአምቦ፣ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ በኩል ሲመጡ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስተምዕራብ ትገኛለች። መንገዱ ከመንዲ ካለፈ በኋላ የዳቡስን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ባምባሲ፣ ከባምባሲም ወደ አሶሳ ይዘልቃል። ከመሐል አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በረሃ እወርዳለሁ ብሎ ነው የሚነሣው። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ የሚጠብቀው አረንጓዴ ምድር፣ የማንጎ ዛፍና የቀርከሃ ደን ነው። ሙቀቱ የሚበረታው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሲሆን ዝናቡ በግንቦት ገብቶ እስከ ጥቅምት ይዘንባል። ከአሶሳ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ግን መሬቱ እየዘቀዘቀ ሄዶ በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ሜዳ ጋር ይጋጠማል። ሞቃቱ ቆላ ያ ነው።

የወንዞቹን አቅጣጫ ልብ በሉልኝ። ዳቡስ በምሥራቃችን በኩል ወደ ሰሜን ፈስሶ ዓባይን ይቀላቀላል። ቱማት ከእኛው ኮረብቶች ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይወርድና ሱዳን ውስጥ ዓባይን ይገናኛል። ያቡስ ወደ ምዕራብ ሄዶ ወደ ነጭ ዓባይ ያመራል። ዓባይ ራሱ ክልላችንን ለሁለት ከፍሎት ያልፋል፤ መተከል ከወንዙ በስተሰሜን፣ አሶሳና ካማሺ ከወንዙ በስተደቡብ ናቸው። ከዚህ ምድር የሚፈሰው ውሃ በሙሉ ወደ ሱዳን ይሄዳል። ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ ዓሊሙም ለብዙ መቶ ዓመታት የመጡት ይህንኑ የውሃ መንገድ ተከትለው፣ ሽቅብ ነው።

ወደ ስሙ እንምጣ። «ቤኒሻንጉል» የሚለውን ቃል ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው ሲሰማው «የሻንጉል ልጆች» ማለት ይመስለዋል። አነጋገሩም በዓረብኛ ተቃኝቷል። መነሻው ግን የበርታ ቋንቋ ነው። በበርታ «በላ» ድንጋይ ነው፤ «በላ ሻንጉል» ማለት የሻንጉል ድንጋይ፣ የሻንጉል አለት ማለት ነው። የአካባቢው ሰው በጥንት ጊዜ ያከብረው በነበረ አለት ስም አገሩ ተጠራ፤ ነጋዴዎቹ ደግሞ ለራሳቸው አንደበት እንዲመች አድርገው «በኒ» አሉት። በዚህ አንድ ስም ውስጥ የአካባቢው ታሪክ ባጭሩ ተቀምጧል ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ከሥር የበርታ ድንጋይ፣ ከላይ የዓረብኛ ልባስ።

በክልሉ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የተባሉት ሕዝቦች ይኖራሉ። የአሶሳ አካባቢ በብዛት የበርታዎች ነው። በርታዎች ራሳቸው ከዓባይ በታች፣ ከፋዙግሊ በኩል ቀስ በቀስ ወደ ኮረብታው እየወጡ የመጡ መሆናቸውን የታሪክ አጥኚዎች ጽፈዋል፤ ከእነርሱ በፊት የማኦና የኮሞ ወገኖች በቦታው ነበሩ። ቋንቋቸው ከዓረብኛም ከአማርኛም ጋር ዝምድና የለውም፤ ነጋዴዎቹ «ሩጣና» ይሉት ነበር። ዓረብ ያልሆነ ሰው የሚናገረው፣ የማይገባ ንግግር እንደ ማለት ነው። ስድብ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ዛሬ ግን ብዙዎች ሳይከፋቸው ይጠቀሙበታል።

ስለ እስልምና ወደ አገራችን አመጣጥ ሲነሣ ሁላችንም የምናውቀው የነጃሺን ታሪክ ነው። ሰሐቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው መጥተው በፍትሐዊው ንጉሥ ዘንድ መጠጊያ ማግኘታቸው የኢትዮጵያ ሙስሊም ሁሉ ኩራት ነው። ነገር ግን ወደ አሶሳ ዲኑ የደረሰው በዚያ በር አልነበረም። የእኛ በር ስናር ናት። እ.ኤ.አ. በ1504 በዓባይ ዳር የተመሠረተው የፉንጅ መንግሥት መቀመጫውን በስናር አድርጎ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። የፉንጅ ነገሥታት እስልምናን ተቀብለው ዑለሞችን እየጋበዙ መሬት ይሰጧቸው ነበር። ከእኛ ጥቂት ዝቅ ብሎ ያለው ፋዙግሊ በእነርሱ ግዛት ሥር ነበር። ከዚያም «ጀላባ» የሚባሉት ነጋዴዎች፣ ከእነርሱም ጋር «ፈኪ» የሚባሉት የቁርአን መምህራን ወደ በርታ ኮረብቶች መውጣት ጀመሩ።

ነጋዴው የሚፈልገው ወርቅ ነበር። ወርቁን ከወንዝ አሸዋ አጥቦ የሚያወጣው በርታው ነው፤ እስከ ዛሬም ብዙ እናቶቻችን በዚሁ ሥራ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። በለውጡ ጨርቅ፣ ዶቃና ጨው ይመጣ ነበር። አሞሌ ጨው ከኢትዮጵያ ደጋ፣ ጨርቁ ከስናር በኩል እየመጡ እዚህ ይገናኙ ነበር። ጣሊያናዊው የታሪክ ምሁር አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ አካባቢያችን ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ጨውንና ወርቅን አጣምሮ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ነጋዴው ከአለቆቹ ሴት ልጅ አግብቶ ይቀመጣል፤ ልጁ በእናቱ በኩል መሬት፣ በአባቱ በኩል ንግድና ዓረብኛ ይወርሳል። ከእነዚህ ጋብቻዎች የተወለዱት «ወጣዊጥ» ተባሉ። በዓረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው። ከሁለት ወገን የሆነውን ሰው ሕዝቡ ምን ብሎ እንደሚጠራው ሲቸግረው ያወጣው ስም ይመስለኛል። በኋላ የአካባቢው ገዢ ሼሆች የወጡት በአብዛኛው ከእነዚሁ ነው።

ፈኪዎቹ ደግሞ ኸልዋ ከፈቱ። ልጆች በእሳት ዙሪያ ተቀምጠው በእንጨት ለውህ ላይ እየጻፉ፣ አጥበው እንደገና እየጻፉ ቁርአንን ይሐፍዙ ነበር። መዝሀቡም የሱዳን መዝሀብ፣ የኢማም ማሊክ ነበር። ለዚህ ነው በዕድሜ የገፉ የበርታ አባቶች ሶላት ላይ እጃቸውን በጎናቸው ለቀው ሲሰግዱ የምታዩአቸው። ይህን ነገር ወደ ኋላ አነሣዋለሁና ያዙልኝ።

እስከዚህ ያለው አመጣጥ ዝግተኛ ነበር። ያፈጠነው የቱርኮች መምጣት ነው። የግብፁ ገዢ ሙሐመድ ዐሊ እ.ኤ.አ. በ1821 ስናርን ሲያስይዝ ዓላማው ሁለት ነበር፤ ወርቅና ለጦር ሠራዊቱ የሚሆን ባሪያ። ልጁ እስማኤል ፓሻ በዚያው ዘመቻ እስከ ፋዙግሊና እስከ በርታ ምድር ድረስ ዘለቀ። አብሮት የነበረው ፈረንሳዊ ተጓዥ ፍሬዴሪክ ካዮ ያየውን ጽፏል። ያሰቡትን ያህል ወርቅ አላገኙም። ሆኖም ሙሐመድ ዐሊ ተስፋ አልቆረጠም፤ ሸምግሎ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1838 እና በ1839 መካከል ራሱ ከካይሮ ተነሥቶ ወርቁን ለማየት እስከ ፋዙግሊ መጥቶ ነበር። ከካይሮ ፋዙግሊ! በዚያ ዘመን ጀልባና ግመል ይህ ምን ያህል መንገድ እንደ ሆነ ለናንተ መንገር አያሻም።

ወርቁ ሲያንስ የሰው ልጅ ወርቅ ሆነ። ወንድሞችና እህቶች፣ ከላይ አልዘለልኩትም ያልኩት ነገር ይህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዚህ አካባቢ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ከበርታም ከጉሙዝም ከኮማም፣ እየተፈነገሉ ወደ ካርቱም፣ ከዚያም አልፎ ወደ ግብፅ ተወስደዋል። የወሰዳቸው ቱርክ ብቻ አልነበረም። የራሳችን ሼሆች ነበሩበት፣ ሙስሊም ነጋዴ ነበረበት፣ ከደጋው በኩልም የመጣ ክርስቲያን ጦር ነበረበት። አንዳንድ ሰው ይህ ሲነሣ «ዲናችንን ለማሰደብ ነው» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ነፃን ሰው አፍኖ መሸጥ በሸሪዓ ሐራም መሆኑን ያኔም ዑለሞች ያውቁ ነበር፤ ነጋዴው ነው ያልሰማው። ደግሞም የተሸጡት ሰዎች ዘመዶች ዛሬ ከኛው ጋር አብረው ይሰግዳሉ። ከአለቱ ስም ጋር የሚመሳሰለውን፣ ጥቁርን ሰው ለማዋረድ የሚነገረውን ያንን የስድብ ቃል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በገበያ የሰማን ሰዎች ነገሩ የሩቅ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1881 ማህዲ በሱዳን ሲነሣ፣ ብዙም ሳይቆይ የደርቡሽ ጦርና ደብዳቤ ወደ በላ ሻንጉል ደረሰ። አንዳንዱ ሼህ ተቀበለ፣ አንዳንዱ ሸሸ፣ አንዳንዱ እንደ ጊዜው ሁኔታ ሁለቱንም አደረገ። ደርቡሾቹ ወደ ወለጋ ዘልቀው ሲገቡ በጥቅምት 1881 ዓ.ም. ነጆ አጠገብ ጉቴ ዲሊ በተባለው ቦታ በራስ ጎበና ዳጬ በሚመራው ጦር ተሸነፉ። ያን ጊዜ የአካባቢያችን ሰው በሁለት መንግሥት መካከል ተጨናንቆ ነበር።

በዘመኑ ሦስት የታወቁ የሼህ ግዛቶች ነበሩ። አንደኛው አቆልዲ፣ ማለትም ዛሬ አሶሳ የምንለው አገር ሲሆን ሼሁ ቶር አል-ጉሪ ይባሉ ነበር። ሁለተኛው በላ ሻንጉል ነው፤ ሼሁ ዐብዱራሕማን ኾጀሌ። ሦስተኛው ኾሞሻ፣ ዛሬ ወረዳ የሆነው ሆሞሻ ነው፤ ሼሁ ኾጀሌ አል-ሐሰን። አፄ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. በራስ መኮንን የሚመራ ጦር ወደዚህ ሲልኩ ዐብዱራሕማን ኾጀሌ ተዋጉ። ሼህ ኾጀሌ አል-ሐሰን ግን ከራስ መኮንን ጋር መወገንን መረጡ። ይህ ምርጫቸው በኋላ ዋጋ ሰጣቸው፤ ከጊዜ በኋላ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሆነው በወርቅ እየገበሩ አገሩን ለብዙ ዓመታት ገዙ።

ሼህ ኾጀሌ በአዲስ አበባም ቤት ሠርተው ነበር። ሕዝቡ ስማቸውን «ሼህ ኦጀሌ» ሲል፣ ሲቆይ «ሸጎሌ» ሆነና የሰፈሩ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከእናንተ ውስጥ አዲስ አበባ ሄዳችሁ «ሸጎሌ፣ ሸጎሌ» እያለ የሚጣራ ረዳት ታክሲ ውስጥ የገባችሁ ብዙዎች ናችሁ። የአሶሳን ሼህ ስም እየጠራ መሆኑን ያስተዋላችሁት ግን ጥቂቶች ትሆናላችሁ። ፎቅ ቤታቸው እዚያው ሰፈር ነው።

ስለ እሳቸው በከተማችን የሚነገረው ሁሉ ምስጋና ነው፤ ሲነቅፏቸውም የሚነቅፏቸው ከውጭ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። ሚዛኑን ለአንባቢ እተወዋለሁ። መስጊድ ያሠሩ፣ ዑለማ ያከበሩ፣ አገሩ በሱዳን ገዢዎች እጅ እንዳይወድቅ ያደረጉ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሲት አምና ደግሞ በኩርሙክ አቅራቢያ የባሪያ ንግድ ታካሂድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የሱዳን እንግሊዞች ያዟት። ጉዳዩ በዘመኑ በውጭ አገር ጭምር ተሰምቶ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ የባሪያ ንግድን የሚከለክል አዋጅ ብታወጣም፣ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሼህ ኾጀሌ እ.ኤ.አ. በ1938፣ በጣሊያን ዘመን፣ እጅግ ሸምግለው አረፉ። አላህ ይማራቸው።

ከዚህ በፊት የሆነውን አንድ ነገር ግን መዝለል አይገባም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና እንግሊዞች የድንበር ውል ተፈራረሙ። ያ ውል በላ ሻንጉልን ለኢትዮጵያ፣ ከኩርሙክ ማዶ ያለውን ለሱዳን አደረገ። በርታውን ለሁለት ከፈለው፤ ወንድም ከወንድም ማዶና ማዶ ሆነ። በዚያው ወረቀት ላይ ሌላም አንቀጽ ነበር፤ ምኒልክ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ የዓባይን፣ የጣናን ወይም የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ የሚል። እንግዲህ እኛን ከኩርሙክ ማዶ ዘመዶቻችን የለየንና ዓባይ እንዳይገደብ የፈለገው አንድ ወረቀት መሆኑ ነው።

የጣሊያን ዘመንን ባጭሩ ልለፈው። አሶሳ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን ነፃ ያወጣት ጦር ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣ ነበር። ከአፍሪካ እምብርት ተነሥቶ፣ በሱዳን አቋርጦ የመጣ የኮንጎ ጥቁር ወታደር ጣሊያንን ከአሶሳ ማስወጣቱን ለልጆቻችን ብንነግራቸው ጥሩ ነበር። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ አላየሁትም።

በዚያው ዘመን የዲኑ ሕይወት ከሱዳን ብቻ ሳይሆን ከሩቅ ምዕራብም እርጥበት ያገኝ ነበር። አል-ፈኪ አሕመድ ዑመር የተባሉት የቲጃኒያ ሼህ ከቦርኖ፣ ከዛሬዋ ናይጄሪያ ተነሥተው በሱዳን በኩል ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ መጥተው ብዙ ሰው አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 አርፈው ከእኛ በስተደቡብ በምትገኘው ያአ ተቀበሩ። ከጅማና ከወለጋ ሳይቀር ሰው ወደዚያ ይጓዛል። በዚህ ጉዳይ በመካከላችን የአመለካከት ልዩነት መኖሩን አውቃለሁ፤ እኔ የማወራው ስለ ታሪኩ ነው። አሶሳ የዓለም መጨረሻ ሳትሆን ከቦርኖ እስከ መካ በሚዘረጋው የሐጅና የዒልም መንገድ ዳር የነበረች መሆኗን ያሳያል።

አሁን ወደ ወሎዎቹ እንመጣለን። በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ድርቅና ረሃብ ያላየ ቢኖር ከወላጆቹ ሰምቶታል። የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ሕዝብ እያነሣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ በአገሪቱ በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ ሰው ተጓጉዟል። አሶሳ ከዚያ በፊትም፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሰፋሪ ተቀብላ ነበር፤ በ1977 እና በ1978 የመጣው ግን ብዛቱ ሌላ ነው። አንዳንዱ በአውቶቡስ፣ አንዳንዱ በአንቶኖቭ አውሮፕላን መጣ። መንደሩ ስም እንኳ አልነበረውም፤ በቁጥር ይጠራ ነበር፣ እስካሁንም በቁጥር የሚጠሩ አሉ።

ስለዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ኀዘን አለ። የመጀመሪያው የሰፋሪው ነው። ወዶ የመጣ ነበረ፣ ተገድዶ የመጣም ነበረ። ከቤተሰቡ የተለየ፣ በወባ ልጁን የቀበረ፣ ከሰፈራው አምልጦ ወደ ሱዳን ደማዚን በእግሩ የጠፋ ነበረ። ሁለተኛው የበርታው ነው። ማንም ሳይጠይቀው ትራክተር ገብቶ ቀርከሃውን መነጠረ። መሬቱን እያሳረፈ ያርስ ስለነበር ያረፈው መሬት «ባዶ» ተብሎ ተወሰደ። «እኛ ሳንመጣ እዚህ ምን ነበር?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው፤ ማሳው በዕረፍት ላይ ነበር። «ትናንት መጣችሁ» ለሚለውም መልስ አለው። ከመጡ አርባ ዓመት አለፈ፤ የመጡትም በራሳቸው ምርጫ አልነበረም፤ በርታውም ቢሆን በጊዜው ከፋዙግሊ የመጣ ነው።

ወሎዎቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ከዳናና ከጌታ የዒልም ማእከሎች የተወረሰ ትምህርት፣ መንዙማና የዱዓ ሥርዓት ይዘው መጡ። መዝሀባቸው ሻፊዒይና ሐነፊይ ነው፤ ሲሰግዱ እጃቸውን ያጥፋሉ። በርታው እጁን ለቆ ሲሰግድ ያየ አንድ የወሎ ሰው ሶላቱ ልክ አይደለም ብሎ እንደ ነበር፣ በርታውም በበኩሉ ስለ ወሎው ተመሳሳይ ነገር ማለቱን ሽማግሌዎች እየሳቁ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሁለቱም አልተማሩም ነበር። ሁለቱን ያስታረቀው ሁለቱንም መዝሀብ ያነበበ መምህር ሆነ፤ እጅ መልቀቅም እጅ ማጠፍም በታላላቅ ኢማሞች ዘንድ ያለ መሆኑን አስረዳቸው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ሶፍ እጁን የለቀቀና እጁን ያጠፈ ጎን ለጎን ቆሟል። ለእኔ ከአሶሳ ታሪክ ሁሉ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ ስለሌለም እዚህ ጻፍኩት።

የሚለያየን ነገር አልጠፋም። በጥር 1982 ዓ.ም. አሶሳ የጦርነት ዐውድማ ሆና ብዙ ደም ፈስሷል፤ ከ1979 ጀምሮ በአቅራቢያችን ተጠልለው የነበሩ የሱዳን ስደተኞችም ዳግመኛ ተሰደዱ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን ውስጥ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከዚያም በኋላ በመተከል በኩል ለዓመታት የደረሰውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሞቱትን በስም አልዘረዝርም። ቤተሰቦቻቸው ከእኛ ጋር ናቸው።

በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አካባቢያችን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሲሆን አሶሳ ዋና ከተማ ሆነች። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 24,214 ነበር፤ ዛሬ ያ ቁጥር ለአንድ ሰፈር የሚሆን ይመስላል። ከክልሉ ሕዝብ 45 በመቶው ሙስሊም ሆኖ ተቆጥሯል። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው መጣ፣ አስፋልቱ መጣ። ኩርሙክም እንደ ጥንቱ በር መሆኗን አላቆመችም፤ በሚያዝያ 2015 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የመጡትን ስደተኞች ከተቀበሉት በሮች አንዷ እሷ ነበረች። ከመጡት ውስጥ በ1894ቱ ውል ከኛ የተለዩት ዘመዶቻችን የልጅ ልጆች ይገኙባቸዋል።

በመጨረሻ ዓባይ ላይ ደርሰናል። አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 ባደረጉት ጥናት በጉባ ወረዳ፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ ያለውን ቦታ ለግድብ መርጠውት ነበር። ግማሽ ምእተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ። ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጠ፣ ገበሬው ቦንድ ገዛ፤ ከዚህ ጀመዓም ያልገዛ ጥቂት ነው። 145 ሜትር ከፍታና 1,780 ሜትር ርዝመት ያለው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። የካቲት 13 ቀን 2014 የመጀመሪያው ተርባይን መብራት ሰጠ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ በይፋ ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው።

በዚህ ሁላችንም ተደስተናል። እኔ ግን ስለ ሐይቁ ሥር አንድ ነገር ማስታወስ እፈልጋለሁ። ውሃው ከ1,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ሸፍኗል። በዓባይ ዳርና ዳር ይኖሩ የነበሩ ጉሙዞችና በርታዎች ከነቤተሰባቸው ተነሥተው በሌላ ቦታ ሰፍረዋል። ሽማግሌዎቹ «ዓሣ የምናወጣበት፣ ወርቅ የምናጥብበት፣ ሙታን የቀበርንበት» እያሉ የሚጠሩት ቦታ ዛሬ ከውሃ በታች ነው። ሰፋሪነት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ የወሎ ሰው ካለ፣ የእነርሱን ነገር ከማንም ቀድሞ የሚረዳው እሱ ነው።

ኮሚቴው የአካባቢያችንን የእስልምና ታሪክ በሰፊው ለማስጻፍ አስቧል። ስለዚህ በቤታችሁ አሮጌ የዓረብኛ ወረቀት፣ የኸልዋ ለውህ፣ የኒካሕ ወይም የመሬት ውል፣ የሰፈራ ጊዜ መታወቂያ ያላችሁ ወደ ጽሕፈት ቤቱ አምጡልን። ኮፒ አድርገን እንመልስላችኋለን፤ ዋናውን አናስቀርም። ከዓባይ ዳር የተነሡ ሽማግሌዎችን የምታውቁ ደግሞ የመንደሮቹንና የመቃብር ቦታዎቹን ስም በቴፕ ወይም በስልክ ቅዱልን። አሮጌ ወረቀት ስታመጡ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልሉት፤ ፌስታል ውስጥ እንዳታስገቡት፣ በክረምት ወዝ ይይዘውና ቀለሙ ይለቃል።